መጠለያው ሲዘጋ ተፈናቃይነትም ያበቃል? አንድ ቃል በሰሜን ሸዋ የሚሠራው ሥራ

ደብረ ብርሃን ያሉት የተፈናቃይ መጠለያዎች ሊዘጉ ነው የሚል ወሬ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ያው ነው። አንዱ «ስደተኞቹ የት ሊገቡ ነው?» ይላል። ሌላው «ስደተኛ አይደሉም፣ ዜጎች ናቸው» ብሎ ያርመዋል። ሦስተኛው ይነሳና «መጠለያ ያለው ምን ያህሉ ነው? ስንቱ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ይኖር የለ? እሱስ ተፈናቃይ ነው ወይ?» ይላል። አራተኛው ደግሞ መንግሥት ለዜጋው መጠለያ የመስጠት ግዴታ አለበት፣ የለበትም ወደሚለው ይገባል። ሁሉም መጠለያ ይላሉ። የሚያወሩት ግን ስለ አንድ ነገር አይደለም።

የቃላት ጨዋታ ቢሆን ትተነው እናልፍ ነበር። እዚህ ላይ ግን ማን በዝርዝር እንደሚገባ፣ ማን ቀለብ እንደሚያገኝ፣ ማን «ተቋቋመ» ተብሎ እንደሚሰረዝ የሚወሰነው በአብዛኛው ቃሉ በተተረጎመበት መንገድ ነው። ስለዚህ ቀስ ብሎ ማየቱ አይከፋም።

ከጥላ ወደ አድራሻ

የሰው ልጅ መሠረታዊ ፍላጎቶች ምንድን ናቸው ሲባል ሁላችንም ክፍል ውስጥ በአንድ ድምፅ «ምግብ፣ ልብስ፣ መጠለያ» ብለናል። እዚያ መጠለያ ማለት ቤት ነው። ያኔ ሸራ የታየው ተማሪ ያለ አይመስለኝም።

የቃሉ መነሻ ግን ከቤት ያንሳል። መጠለል ከጥላ ጋር ዘመድ ነው፤ ግእዙም ጸለለ፣ ጽላሎት ይላል። ፀሐይ ሲያቃጥል፣ ዶፍ ሲወርድ ዞር የሚሉበት ጥግ ነው። ሰው ዛፍ ሥር ይጠለላል፣ የማያውቀው ሰው በረንዳ ላይ ይጠለላል፣ ሲያባራ መንገዱን ይቀጥላል። ቃሉ ውስጥ መሄድ አለ። አዲስ ቤት ሲገባ «ቤት ለእንቦሳ» ይባላል፣ ባለቤቶቹም «እንቦሳ እሰሩ» ብለው ይመልሳሉ። መጠለያ ለገባ ሰው ግን እንዲህ የሚል የለም፤ ቢባልም ስድብ ይመስላል።

የእርዳታና የአደጋ ሥራ ሲስፋፋ ቃሉ ሌላ መልክ ያዘ። መጀመሪያ «የመጠለያ ጣቢያ» ነበር። ውሎ አድሮ ጣቢያው ወደቀና መጠለያ ብቻ ቀረ። አሁን «መጠለያ ነው ያሉት» ሲባል ከላያቸው ጣራ አለ ማለት አይደለም። ስም ያለው፣ አስተባባሪ ያለው፣ የተመዘገበ ግቢ ውስጥ ናቸው ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ላይማ ነዋሪው መጠለያም አይልም፤ ካምፕ ነው የሚለው። ከመጠለያዎቹ አንዱን፣ ቻይና ካምፕ የሚባለውን፣ የማያውቅ ባለባጃጅ አይገኝም። ካምፕ መንገድ ሥራና ጦር ሠራዊት ያስለመዱን ቃል ነው፤ ሁለቱም ሥራቸው ሲያልቅ ነቅለው የሚሄዱ ናቸው።

የድርጅት ሠራተኞች ደግሞ «ሸልተር» ይላሉ። በእነሱ አነጋገር ሸልተር የሥራ ዘርፍ ነው፤ ሸራ፣ ገመድ፣ ምስማር፣ ቆርቆሮ፣ አንዳንዴም የቤት ኪራይ ድጋፍ። ስለዚህ አንድ ድርጅት «የሸልተር ድጋፍ አደረግሁ» ሲል ሰው አዲስ ካምፕ የተሠራ ይመስለዋል። ምናልባት የተሰጠው አንድ ጥቅል ፕላስቲክ ነው።

ባጭሩ ቃሉ የሰውን ሁኔታ ይገልጽ የነበረው ቀርቶ የሰውን አድራሻ መናገር ጀመረ። አብዛኛው ውዥንብር የሚነሳው ከዚህ ነው።

ስደተኛ፣ ተፈናቃይ፣ ጥገኛ

በተራ ንግግር ከቀዬው የወጣ ሁሉ ተሰደደ ይባላል፣ ስህተትም አይደለም። በሕግ ግን ስደተኛ የአገር ድንበር የተሻገረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. የ1951ዱ ዓለም አቀፍ ስምምነትም ሆነ የኢትዮጵያ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የሚመለከቱት ይህንን ነው። የስደተኛን ጉዳይ የሚከታተል የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለ፤ ከጀርባውም ለዚሁ ተብሎ የተቋቋመ የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን አለ።

ከወለጋ ተነስቶ ደብረ ብርሃን የገባ ገበሬ ድንበር አልተሻገረም። የአገር ውስጥ ተፈናቃይ ነው፤ ቀዳሚው ኃላፊነት የራሱ መንግሥት ነው። ይህን የሚገዛው ሰነድ የካምፓላ ስምምነት ነው። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ካምፓላ ላይ አጸደቀው፣ በ2012 ሥራ ላይ ዋለ፣ ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 የሕጓ አካል አደረገችው። (አዋጁ ላይ ያለው 2012 የእኛ ነው፤ ሁለቱን 2012ቶች የሚያምታታ አይጠፋም።)

ስምምነቱ ተፈናቃይን ሲተረጉም የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ሰውየው በግጭት፣ በጥቃት፣ በመብት ጥሰት ወይም በአደጋ ምክንያት ሳይወድ ከመኖሪያው ወጥቷል ወይ? ድንበርስ አልተሻገረም? በቃ። ትርጉሙ ውስጥ «መጠለያ የሚኖር» የሚል ነገር የለም። ዘመዱ ጋ ያደረ፣ ጓሮ ቤት የተከራየ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የሰነበተ ሁሉ ተፈናቃይ ነው። ሦስተኛው ተከራካሪ ላነሳው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

ሌላው ጣጣ ያለበት ቃል ጥገኝነት ነው። ውጭ አገር «ጥገኝነት ጠየቀ» ስንል መብት ነው የምናወራው፤ ሸሽቶ የተጠጋ፣ ከለላ የፈለገ ሰው። ወደ አገር ውስጥ ስንመለስ ግን ያው ቃል ፊቱ ይጠቁራል። «የጥገኝነት አመለካከት» ይባላል፤ ሰውየው ከሰው እጅ የሚጠብቅ፣ መሥራት የማይፈልግ ማለት ነው። ሁለቱም ከመጠጋት ነው የመጡት። ባለሥልጣን መድረክ ላይ «ከጥገኝነት መላቀቅ አለባቸው» ሲል የቱን እንደፈለገ ለይቶ የሚሰማ ጆሮ ይጠይቃል።

ጥበቃም ከዚሁ ጎራ ነው። ድርጅቶች «ፕሮቴክሽን» የሚሉትን ጥበቃ ብለው ተርጉመውታል። እነሱ ሴቶችን ከጥቃት መከላከል፣ የጠፋ ሰነድ ማስመለስ፣ ከቤተሰብ የተለየ ሕፃን ማገናኘት ማለታቸው ነው። ሰው ግን በር ላይ የሚቆም ዘበኛ ነው የሚታየው።

አንድ ከተማ፣ ሁለት ዓይነት መጠለል

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ፣ በደሴ መንገድ ያለች ከተማ ናት። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የሸሸ ሰው ሲመጣባት ነው የከረመው። በዚያ ዓመት መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ስትቃጠል ብዙ ሰው ወደ ደጋው ሸሸ። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ደርሶ ወደ ደብረ ሲና ሲገፋ ከወሎና ከቆላው ሰሜን ሸዋ የመጣው ሰው ከተማዋን ሞላት። ከወለጋ የመጡት ደግሞ አሉ፤ አብዛኞቹ ገበሬዎች፣ ቤተሰባቸው ከአንድ ትውልድ በላይ እዚያ የኖረ፣ አንዳንዶቹ ወላጆቻቸው በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ የሰፈሩ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በታኅሣሥ 2014 የትግራይ ኃይሎች ወደ ሰሜን ሲመለሱ ከሸዋ ሮቢትና ከወሎ የመጣው ሰው በብዛት ወደ ቤቱ ገባ። ቤቱ ተዘርፏል፣ ግን ቤቱ ነው። ለእሱ መጠለያው በእርግጥም መጠለያ ነበር፤ ዶፉ ሲያባራ ሄደ። የወለጋው ሰው ግን ቀረ። ዓመት ተጨመረ፣ ልጅ ተወለደ፣ ሸራው አርጅቶ ሌላ ሸራ ለበሰ። ስያሜው ግን አሁንም «ጊዜያዊ መጠለያ» ነው።

ጊዜያዊ የምትለዋ ቃል ቀላል አይደለችም። ጊዜያዊ ለሆነ ነገር ማንም ቋሚ በጀት አይዝም። ቦይ አይቀድለትም፣ ግንብ አይሠራለትም፣ ትምህርት ቤት አይከፍትለትም። ሁሉም ነገር ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት ይታቀዳል፣ ሦስቱ ወር ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ሦስት ወር። በአገራችን ልማድም እንግዳ አዳር ነው። የመሸበት ሰው «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ካለ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ተብሎ ይገባል፣ እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርብለታል። የደብረ ብርሃን ሰው መጀመሪያ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ እንጀራ ተሸክሞ ወጣ፣ ልብስ ሰጠ። ነገር ግን የእግዜር እንግዳ ሲነጋ ተመርቆ የሚሸኝ ነው። ለዓመታት ለሚቆይ እንግዳ ባህሉ ሥርዓት አላበጀለትም፤ ይህን የሚሸፍነው መንግሥት መሆን ነበረበት።

በዚህ መሃል ሁለት ነገር ተደረበ። በሰኔ 2015 የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል ከታሰበለት ሰው ውጭ እየሄደ ነው ብለው በመላ አገሪቱ ስርጭት አቆሙ፤ የተቀጠለው ከወራት በኋላ ነው። በዚያው ክረምት አማራ ክልል ራሱ ግጭት ውስጥ ገባ። ሰው ሸሽቶ የመጣበት ዞን ሰው ሸሽቶ የሚወጣበት ዞን ሆነ።

ሸራና ውርጭ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይታያል። ውርጭ ነው። የአገሩ ሰው ለዚህ ብርድ ቤቱን አስቦ ነው የሚሠራው። መንዝና ተጉለት ሂዱ፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ጠባብ መስኮት፣ ከውስጥ መደብ፣ የማይጠፋ የኩበት እሳት፣ ለሊት ደግሞ ባና። ሙቀቱን ግድግዳው ይዞ ያድራል።

ሸራ ሙቀት አይዝም። ትንፋሽ ግን ይይዛል። ሰባት ሰው በአንድ ክፍል ሲያድር ትንፋሹ ላስቲኩ ላይ ይወጣል፣ ጠብታ ይሆናል፣ ወደ ንጋት ላይ ውጭው ሲቀዘቅዝ በተኛ ሰው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ፍራሹ ይረጥባል፣ ቀን ላይ ፀሐይ ካልወጣ ሳይደርቅ ይመሻል። ሕፃናት ሳል የማይለቃቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በበቆሎና በማሽላ አገር፣ እንጨት ከጓሮ እየሰበረ የኖረ ሰው እዚህ ኩበት በገንዘብ ይገዛል።

በእርዳታ ሥራ ውስጥ ስፊር የሚባል ዝቅተኛ መለኪያ አለ። ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር የተሸፈነ ቦታ ይላል፤ ሰው ብርዱን ሽሽት ውስጥ ለሚውልበት፣ ማብሰያውም ውስጥ ለሚሆንበት አካባቢ ከ4.5 እስከ 5.5። ለሰባት ሰው ቤተሰብ ሲሰላ ዝቅተኛው 24 ካሬ ሜትር ተኩል ነው፣ ለብርዱ ሲታሰብ ከ31 ይበልጣል። አንድ መጸዳጃም ለ20 ሰው። ይህን መለኪያ የተራ ሰው ክርክር ውስጥ የማነሳው ለመራቀቅ አይደለም። መጠለያ ማለት አድራሻ ከሆነ ሰውየው ግቢው ውስጥ እስካለ ድረስ «መጠለያ አግኝቷል» ይባላል። መጠለያ ማለት ከብርድ መዳን ከሆነ ግን ካሬ ሜትሩም ግድግዳውም ይቆጠራል።

ከግቢው ውጭ ያለው ሰው

የእህል ዕደላ በዝርዝር ነው የሚሠራው። የተለመደው የወር ቀለብ ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። ዝርዝሩን ለማዘጋጀት ሰው መቆጠር አለበት፣ ሰው ደግሞ በቀላሉ የሚቆጠረው አንድ ቦታ ሲገኝ ነው። ስለዚህ ግቢ ይመረጣል። ክፋት አይደለም፣ ምቾት ነው። ውጤቱ ግን ከተማ ውስጥ ተበትኖ የሚኖረው ተፈናቃይ ከዝርዝሩ ጫፍ ላይ መውደቁ ነው።

ሰውም ሞኝ አይደለም፣ ይህን ያውቃል። ቤት የመከራየት አቅም ያገኘ አንዳንዱ ካምፑ ውስጥ ያለውን ቦታ አይለቅም፤ አንድ ልጅ ወይ አሮጊት እናት ትቶ ይሄዳል። ይህ ሲታይ «ተፈናቃይ መስለው የሚበሉ አሉ» ይባላል። ማጭበርበር የለም ብሎ መሟገት አይቻልም፣ ግን ሥርዓቱ ራሱ ሰውን በግቢ እንጂ በችግሩ ካልመዘገበ ሰው ግቢውን የሙጥኝ ቢል ምን ይገርማል?

ወደ ከተማው መቀላቀል የሚፈልገውን ደግሞ መሸኛ ይይዘዋል። መሸኛ ከነበሩበት ቀበሌ የሚጻፍ የመልቀቂያ ደብዳቤ ነው፤ ያለ እሱ አዲሱ ቀበሌ የነዋሪነት መታወቂያ አይሰጥም።

«መሸኛ ይዘዋል?»
«የሸሸሁት እኮ ከዚያው ነው። ማን ይጽፍልኛል?»

ንግግሩ እዚህ ይቆማል። መታወቂያ ከሌለ ቤት አከራይ ያመነታል፣ የፋብሪካ ቅጥርም ይከብዳል። ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ መምጣቱ ጥሩ ነው፤ ሰውየው ማን እንደሆነ ያረጋግጣል። ነዋሪነት ግን አይሰጥም። የካምፓላ ስምምነት መንግሥት ለተፈናቃይ የጠፋበትን ሰነድ ያለ አጉል ቅድመ ሁኔታ እንዲተካለት ያዛል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 32 ማንም ሰው በአገሩ ውስጥ መኖሪያውን የመምረጥ ነፃነት አለው ይላል። መስኮቱ ጋ ያለው ሠራተኛ የሚሠራው ግን በመመሪያ ነው።

ይዘጋ ወይስ ይቆይ

ይዘጋ የሚሉት ከንቱ ነገር አይናገሩም። ካምፕ ሲቆይ ልጆች በሰልፍ ያድጋሉ፣ የጎልማሳው እጅ ከሥራ ይርቃል፣ የተፈናቀለውም ያስተናገደውም ይሰለቻል። ከተማዋም የራሷ ችግር አለባት፤ ኪራይ ንሯል፣ የቀን ሥራ ፈላጊው በዝቶ ዋጋው ወርዷል የሚል ነዋሪ ብዙ ነው። ይህን የሚለውን ሰው ጨካኝ ማለት አይገባም። በዚያ ላይ ከ2017 ዓ.ም. ጥር ጀምሮ የአሜሪካ እርዳታ ሲቆረጥ የሚታደለውም ሳሳ።

አይዘጋ የሚሉትም ምክንያት አላቸው። መዝጋት በራሱ ሰው የሚሄድበትን ቦታ አይፈጥርም። ውሃና እህል እየተቀነሰ «በፈቃዳችሁ ተመለሱ» ማለት ፈቃድ አይባልም። በ2016 ከደብረ ብርሃን ወደ ወለጋ የተመለሱ አሉ፤ ከተመለሱት መካከል ዳግም መጥተው የገቡ እንዳሉም ተዘግቧል።

እኔ እንደማየው ሁለቱም ወገን የሚከራከሩት ስለ ግቢው ነው። የካምፓላ ስምምነት በአንቀጽ 11 የሚያስቀምጠው ሦስት አማራጭ ነው፤ ወደ ቀድሞ ቦታ መመለስ፣ ባሉበት መዋሃድ፣ ሌላ ቦታ መስፈር። ምርጫውም የተፈናቃዩ ነው፣ በቂ መረጃ አግኝቶ፣ ሳይገደድ። «ዘላቂ መፍትሔ» የሚባለው ይህ ነው። በተግባር ግን በመድረኩም በዜናውም ጎልቶ የሚሰማው መመለሱ ብቻ ነው። ባሉበት መዋሃድ ሲነሳ ፖለቲካ ይገባበታል፤ አንዱ የሕዝብ አሰፋፈር ለመቀየር ነው ይላል፣ ሌላው የማፈናቀሉን ወንጀል ማጽደቅ ነው ይላል። ሌላ ቦታ ማስፈር ደግሞ መሬት ይፈልጋል፣ ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ትርፍ መሬት የለም።

«ደህንነቱ ተረጋግጧል»

ስለ መመለስ ሲወራ ይህች ሐረግ አትቀርም። ደህንነት በአማርኛ ሰላም መሆን ነው፣ ጤና መሆንም ነው፣ በከተማ ወሬ ደግሞ ሲቪል ለብሶ የሚከታተል ሰው ነው። «ደህንነት አለ እዚያ?» ብሎ የጠየቀ ገበሬ የቱን እንደጠየቀ ከፊቱ ካላዩ አይታወቅም።

ባለሥልጣኑ ደህንነት ሲል አብዛኛውን ጊዜ የጦር ነገር ነው የሚያወራው፤ መንገዱ ተከፍቷል፣ ኃይል ሰፍሯል። ተፈናቃዩ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ኃይሉ ስንት ጊዜ ይቆያል? ሲነሳስ? ጎረቤቴ ምን ይላል? ቤቴን ያቃጠለው ተጠይቋል? ማሳዬን ማን እያረሰው ነው? የይዞታ ደብተሩ ከቤቱ ጋር የተቃጠለበት ሰው መሬቱ የእሱ ለመሆኑ ምስክሩ ያው ጎረቤቱ ነው፤ ጎረቤቱም ተፈናቅሎ ሊሆን ይችላል፣ ወይም መሬቱን የያዘው እሱው ሊሆን ይችላል። ስምምነቱ ለዚህ ዓይነት ክርክር ቀላል አሠራር ይዘርጋ ይላል። ያ አሠራር ሳይኖር የሚደረግ መመለስ ግጭቱን ከቀበሌ ወደ አጥር ያወርደዋል።

የወቅቱም ነገር አለ፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው። በግንቦት የተመለሰ ገበሬ በሬ ካገኘ ያርሳል፣ በሰኔ ይዘራል። በነሐሴ የተመለሰ የዘር ጊዜ አልፎበታል፤ እስከሚቀጥለው ዓመት አዝመራ ድረስ፣ ዓመት ከመንፈቅ ሊጠጋ፣ ቀለብ ያስፈልገዋል። የእሱ ስም የነበረው ግን ደብረ ብርሃን መጠለያ ዝርዝር ላይ ነው፤ አውቶቡስ ላይ ሲሳፈር «ተመላሽ» ተብሎ ከዚያ ይሰረዛል። የቀበሌው ዝርዝር ላይ ደግሞ የሚገባው ቀበሌው ሥራ ሲጀምር ነው።